የማኪናዋ መብራትና የአያ የሻው ቁልፍ

ለተወደድከው ወንድሜ ለአያ ወንድምአገኝ፣ ካለህበት ጁባ ድረስ።

እንዴት ከርመሃል አያ? ጤናህን እንዴት ይዞሃል? ያ ጎንበስ ስትል የሚቆነጥጥህ ወገብህ ተወህ ወይስ አሁንም ያስቸግርሃል? ሙቀቱስ? ባለፈው በስልክ ድምፅህ ደከም ብሎ ስለሰማሁት፣ ምነው፣ አሞት ደብቆኝ ይሆን እያልኩ ስብሰለሰል ሰነበትኩ። ባለቤትህ አበቡስ እንዴት ናት? የልጅህ የወልደኢየሱስ ጥርሱ ወለቀ ብለኸኝ ነበር፣ አዲሱ በቀለለት? ስለ ሁላችሁም በየተራ ጻፍልኝ። «ሁሉም ደህና ነው» ብለህ በአንድ መስመር እንዳታልፈኝ፤ እንዲህ ያለ መልስ ሲመጣ የተደበቀ ነገር ያለ ይመስለኛል።

እኛ በአምላክ ቸርነት ሸጋ ነን። እዚህ ፀዳ ዝናቡ አልቆም ብሎ ጓሮው ሁሉ ጎመን ሆኗል። ባለቤቴ መሪጌታ ተክለ ጊዮርጊስ ጉሮሮው ድኖለት ፍልሰታን ሙሉ ማኅሌት ሲቆም ነው የከረመው። ልጄ ፍቅርተማርያም ፈተናዋን ጨርሳ ቤት ናት፤ መስተዋት ፊት ከመቆም በቀር ሥራ የላትም። እኔ ደግሞ ደስ ብሎኛል አያ፤ በጣም ደስ ብሎኛል። ለምን ደስ እንዳለኝ ለመንገር ግን መጀመሪያ ያሳፈረኝን መናገር አለብኝ።

ደብዳቤውን የምታደርስልህ የጎረቤታችን የአማረች ልጅ ሄለን ናት። በስልክ ልነግርህ እችል ነበር፤ ግን ስልክ ላይ አንተ ትቸኩላለህ፣ እኔ ደግሞ ታውቀኛለህ፣ ከመሃል ነው የምጀምረው። ጾሙ ሲፈታ የማኪናዋን ቁልፍ ከአያ የሻው ተቀበዪና ለሰውአገኝ ስጪው ብለኸኝ አልነበር? ጾሙ ተፈትቷል። ቁልፉ ምን እንደሆነ እዚህ ውስጥ ታገኘዋለህ፤ አደራህን ዘለህ መጨረሻውን እንዳታነብ።

ከመጀመሪያው ልነሳ። ከፋሲካ በኋላ ነጯን ሚኒባስ ገዝተህ፣ ቁልፏን ለሹፌሩ ለአያ የሻው፣ አደራዋን ለእኔ ትተህ ስትሄድ ማኪናዋ ሙሽራ ትመስል ነበር። ከጎንደር ደባርቅ፣ ከደባርቅ ጎንደር ሰው ታመላልሳለች፤ የእኛም የአያ የሻውም ቤት በእሷ ይኖራል። አብሮህ ያደገ፣ አንድ የፊደል ገበታ ላይ አብሮህ የጮኸ ሰው መሆኑን አውቃለሁ። ቢሆንም ማኪና የሚያህል ነገር በሰው እጅ ሲሆን ልቤ አያርፍም። ሰው ዝም ካለ ምን እያሰበ ነው እላለሁ፤ ካወራ ምን ሊሸፍን ነው እላለሁ። እናታችን ነፍሷን ይማረውና «ሰርካለም የራሷን ጥላ እንኳ የማን ልጅ ነህ ብላ ሳትጠይቅ አታሳልፍም» ትል አልነበር?

በሰኔ መጀመሪያ ከአያ የሻው ጋር ዳባት ወጥተን አክስታችንን እማሆይ ወለተሩፋኤልን ጠየቅናቸው። በእጃቸው የፈተሉትን፣ ጠበል ያጠጡትን ወፍራም ክር ሰጡኝና «የማኪናዋ መስተዋት ላይ አንጠልጥሉት፤ የሚያይ ዐይን መጀመሪያ እሱን ይየው» አሉ። አያ የሻው ጎኔ ቆሞ «እማሆይ፣ ፍሬኑንም አብረው ቢባርኩልኝ» ብሎ ቀለደ። እሳቸው ሳቁ፤ እኔ ግን ቀልዱ አልጣመኝም። መስተዋት ላይ ብሰቅለው አንዱ ተሳፋሪ ቆርጦ ይወስደዋል፣ ወይ ሹፌሩ ሲቀልድበት ይውላል ብዬ ማንም ከማያየው ደህና ቦታ አኖርኩት።

ክረምቱ ገባ። ወገራ ላይ ክረምት ሲገባ ጉሙ መሬት ድረስ እንደሚወርድ ታውቃለህ፤ በቀትር እንኳ ያለ መብራት አይነዳም። ታዲያ ወለቃን አልፈን ዳገቱን ስንይዝ የፊት መብራቷ ብልጭ ድርግም ማለት አመጣ። ፍሬቻው ያለ ልክ ይቸኩላል፤ መሪው ፊት ያሉት ትንንሾቹ መብራቶች ሳይቀሩ ነፋስ እንደመታው ጧፍ ይርገበገባሉ። አያ የሻው አምፖሉ ይሆናል ብሎ ሁለቱንም ቀየረ፤ ያው ነው። ፊውዙን አየ፤ ደህና ነው። «ዛሬስ ተሽሏታል» ይላል፣ ነገ ደግሞ ይብስባታል።

በዚህ መሃል የአክስታችን ልጅ ሰውአገኝ መጣ። አራዳ ላይ የመለዋወጫ ሱቅ ካለው ወዲህ ስለ ማኪና የማያውቀው የለም። ኮፈኑን አስከፍቶ እጁን ኪሱ ውስጥ እንዳደረገ አየና «ባትሪው ሞቷል» አለ። ከዚያ ጠጋ ብሎ «እህቴ፣ አያ ወንድምአገኝ አዲስ ባትሪ አይደል ያስገባላት? አዲስ ባትሪ በሁለት ወር ይሞታል እንዴ? የሞተው ተቀይሮ የገባው ነው እንጂ» አለኝ። ሳይጨርሰው ገባኝ። እንዲያውም ከተናገረው በላይ ገባኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ «አያ የሻው» ማለቴን ትቼ «የሻው» ብቻ እለው ጀመር። እሱም ልዩነቱን ሰምቶታል፤ አንድም ቀን ግን ምነው አላለኝም። ዝምታውንም ጠረጠርኩት።

ያለፈው አልፏል፣ ሁለተኛ እንዳይቀየር ብዬ የፍቅርተማርያምን ቀይ የጥፍር ቀለም ወሰድኩና፣ የሻው ቁርሱን ሲበላ ባትሪው ጎን ላይ ትንሽ መስቀል ሣልኩ። ሳምንት ጠብቄ ባየው መስቀሉ አለ። ተመስገን ማለት ሲገባኝ ምን አልኩ መሰለህ? ይህ ሰው ቀለሙን አይቶ፣ ሌላ ባትሪ አምጥቶ፣ እሱም ላይ አስመስሎ ሥሎበታል አልኩ። ለፍቅርተማርያም ብነግራት «እማዬ፣ ከአያ የሻው ጣት እንዲህ ያለ ቀጭን መስመር ይወጣል?» ብላ ሳቀችብኝ። የሚሥልለት ሰው ይኖረዋል አልኳት።

ከዚያ የልጅቷን ያላለቀ የፊዚክስ ደብተር ይዤ ከሹፌሩ ጎን እየተቀመጥኩ መሄድ ጀመርኩ። ሰው ሲጠይቀኝ ደባርቅ ገበያ ነው እላለሁ። መብራቱ በተንቀጠቀጠ ቁጥር ቦታውን እጽፋለሁ፣ የየሻውንም ሁኔታ እጽፋለሁ። «ወለቃ፣ ሸክላ ከሚሸጡት ፊት፣ ጉድጓድ ስንገባ፤ የሻው አፍንጫውን አከከ።» «ቆመን ሰው ስንጭን አልተንቀጠቀጠም፤ የሻው ያፏጫል።» «ዳገት፣ ሞተሩ ሲጮህ፣ ምንም የለም።» «ኮረኮንች ላይ፣ ሦስቴ፤ የሻው ሰረቅ አድርጎ አየኝ።» አሥራ ሁለት ገጽ ሞላሁ። አንድ ቀን «ሰርክዬ፣ ምንድን ነው የምትጽፊው?» ሲለኝ «የገበያ ዝርዝር» አልኩት። «ዳባት ሳንደርስ ይህን ያህል ከጻፍሽ ገበያተኛው ምን ሊተርፈው ነው?» ብሎ ሳቀ። ሳቁም ተጻፈ።

አሁን ወደ ከባዱ መጣሁ። የሐምሌ ሥላሴ ማግስት፣ አምባ ጊዮርጊስን አለፍ እንዳልን ጉሙ ወተት ሆኖ ወረደ። አንድ ጉድጓድ ገባንና መብራቷ ጭራሽ ጠፋ። ከፊታችን እንጨት የጫኑ አህዮች ነበሩ፤ የሻው መሪውን ጠምዝዞ አህዮቹ ጋ ክንድ ሲቀረን አቆማት። ተሳፋሪው ጮኸ፤ አንዲት አራስ ልጇን ደረቷ ውስጥ ደበቀች። ያኔ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት «አንተ ነህ እንዲህ ያደረግካት! የወንድሜን ማኪና ፈታተህ ጨረስካት!» አልኩት። ጋቢውን ከወንበሩ ጀርባ አነሳና ወረደ። በኋላው መስኮት ሳየው፣ በጉሙ ውስጥ እየራቀ ሄዶ መንገዱ ላይ ቆሞ ጋቢውን ያውለበልባል። ደብተሬን አወጣሁና «በነጭ ጋቢ ምልክት ይሰጣል። ለማን?» ብዬ ጻፍኩ። ጉሙ የገፈፈው ከአንድ ሰዓት በኋላ ነው። የሻው በስብሶ፣ ከንፈሩ በብርድ ጠቁሮ ገባና «እንግዲህ እንሂድ» ብቻ አለ።

ለአንተ የደወልኩት ያን ዕለት ነው። ባትሪው ተቀይሯል፣ ሽቦው ተነካክቷል፣ የሻው እምነት አጉድሏል አልኩህ። አንተም ድክም ባለ ድምፅ «እንግዲያው የፍልሰታ ጾም ሲፈታ ቁልፉን ተቀበዪው፤ ሰውአገኝ ይያዛት» አልከኝ። ድምፅህ የደከመው ለካ በወገብህ አይደለም። ስልኩን ስዘጋ ያሸነፍኩ መሰለኝ።

መሪጌታ ነገሩን ሁሉ ሰምቶ «ከሳሿም አንቺ፣ ምስክሯም አንቺ፣ ዳኛዋም አንቺ። ማኪናዋን ግን የጠየቃት ሰው አለ?» አለኝ። አብሮት ቅኔ ቤት የተማረ፣ ኋላ ግን ልቡ ወደ ሽቦ ያደላበት ኪዳነ ማርያም የሚባል የማኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ አዘዞ አለ። እሱ ጋ ውሰዷት አለን። እሺ ያልኩት እንድትድን ብዬ አይደለም፤ እውነቱን ልንገርህ፣ የየሻውን ጥፋት በባለሙያ አፍ ለማስመስከር ነው። ጾሙ ሊፈታ ሁለት ቀን ሲቀረው ሄድን።

አያ ኪዳነ ማርያም ጸጉሩ የሸበተ፣ መነጽሩን በክር ያሰረ ሰውዬ ነው። ኮፈኑን ሳይነካ መጠየቅ ጀመረ። «የሚርገበገበው አንዱ መብራት ነው ወይስ ሁሉም?» ሁሉም አልነው። «ሞተሩ ሲጮህ ይደምቃል? ሲበርድ ይደበዝዛል?» የሻው ሲያመነታ እኔ ደብተሩን ሰጠሁት። አያ፣ የቅኔ ቤት ሰው በልቡ ማንበብ አይችልም ለካ! ጋራዡ እስኪያስተጋባ ድረስ አነበበው። የአፍንጫውን፣ የፉጨቱን፣ የሳቁን። «በነጭ ጋቢ ምልክት ይሰጣል፤ ለማን?» ሲል የሻው መሬት መሬት እያየ፣ ቀስ ብሎ «ከኋላ ለሚመጡት የጭነት ማኪናዎች ነው» አለ። «መብራት የለንም፤ በጉም ውስጥ ማን ያየናል? እንዳይወጡብን ብዬ ነው።»

የምገባበት ጠፋኝ። አያ ኪዳነ ማርያም መነጽሩን ወደ ላይ ገፋ አድርጎ «ስለ ሰውየው አፍንጫ የተጻፈው ለእኔ አይጠቅመኝም» አለ። «የቀረው ግን ወርቅ ነው። እንዲህ ጽፎ የመጣ ደንበኛ አይቼ አላውቅም። ሲቆም የለም፣ ሞተር ሲጮህ የለም፤ ጉድጓድና ኮረኮንች ላይ ግን ሁሌ አለ። እንግዲያው ዲናሞው አይደለም፤ የላላ ነገር ነው። ሁሉም አንድ ላይ ከጠፉ ደግሞ፣ የላላው ሁሉም የሚያልፉበት ቦታ ነው።»

በመለኪያው ባትሪውን ለካና «ይህ ገና ልጅ ነው፤ ማን ነው የገደለው?» አለ። ቀዩን መስቀል አየና «ይህስ ምንድን ነው?» አለ። የሻው «እሱ ከሰነበተ ቆይቷል፤ የበረከት መስሎኝ ስወለውል እንዳይጠፋ እያለፍኩት ነው» አለ። እኔ ነጠላዬን ማስተካከል ጀመርኩ።

ከዚያ ሞተሩን አስነስቶ፣ መብራቱን አስበርቶ ገመዶቹን አንድ በአንድ በጣቱ ነቅነቅ ያደርግ ጀመር። ቀዩ ገመድ፣ ምንም። የፊውዙ ሳጥን፣ ምንም። ከባትሪው ተነስቶ ከማኪናዋ ብረት ጋር የሚታሰረውን ጥቁሩን ገመድ ሲነካ ግን መብራቱ ድርግም! «ማሳው ነው» አለ። እነሱ ማሳ የሚሉት ኤሌክትሪኩ በብረቷ ዞሮ ወደ ባትሪው የሚመለስበትን መስመር ነው። የሚያስረው ብሎን ያለ መፍቻ በጣቱ ዞረለት። ፈትቶ ገመዱን ሲያነሳው ከገመዱና ከብረቱ መሃል የረጠበ፣ ዝገት የጠጣ፣ የተጠመጠመ ነገር ወጣ። ክር ነው።

የእማሆይ ክር አያ! ማንም ከማያየው ቦታ ያኖርኩት እኔው ነኝ። የሻው ሊያስቀድስ ሲሄድ ጠብቄ፣ በመሪጌታ መፍቻ ያንን ብሎን ፈትቼ፣ በሥላሴ ስም ሦስት ጊዜ ጠምጥሜ፣ አቅሜ የቻለውን ያህል አጥብቄ የተውኩት። ባትሪው የማኪናዋ ልብ ነው፣ በረከቱ ከልቧ አጠገብ ይሁን ብዬ። መብራቱ በተንቀጠቀጠ ቁጥር እንኳ «ያ ክር ባይኖር ምን ይውጠን ነበር» እያልኩ ሳመሰግን ነበር እኮ! አሥረኛ ክፍል በፊዚክስ ከክፍሉ ሁለተኛ የወጣሁ ሴት!

አያ ኪዳነ ማርያም ክሩን በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ «ይህ የሹፌር ሥራ ነው! ሰው ልትጨርስ ነበር እኮ አንተ!» ብሎ የሻው ላይ ጮኸ። የሻው ክሩን አየ። ከዚያ እኔን አየኝ። እማሆይ ሲሰጡኝ ጎኔ ቆሞ አልነበር? አወቀው። አወቀና «አጥፍቻለሁ አያ፤ ለበረከት ብዬ ነው» አለ።

ዝም ማለት እችል ነበር። ክሴ ይጸድቅልኝ፣ ቁልፉም ያለ ጣጣ ይመጣልኝ ነበር፤ አንተም ጁባ ሆነህ ምን ታውቃለህ? እውነቱን ልንገርህ፣ አንድ ትንፋሽ ያህል ዝም ብያለሁ። ያቺን ትንፋሽ ለንስሐ አባቴ ተናግሬአታለሁ፣ ለአንተም ይኸው። ከዚያ ግን አፌ ራሱ ተከፈተና «እኔ ነኝ» አልኩ። «ያሰርኩት እኔ ነኝ። አያ የሻው አያውቅም።» አያ ማለቴን እኔም የሰማሁት ከተናገርኩት በኋላ ነው። አያ ኪዳነ ማርያም አንድ ጊዜ ደብተሩን፣ አንድ ጊዜ እኔን አየና «ታዲያ አሥራ ሁለት ገጽ ሙሉ ስትከታተዪ የከረምሽው ራስሽን ነዋ!» ብሎ ሳቀ። አያ የሻው ላለመሳቅ ከንፈሩን ነከሰ፤ አልቻለም። እኔ ሳቄና እንባዬ ተቀላቀለብኝ።

ብረቱን እስኪያበራ በብርጭቆ ወረቀት ፈተገው፤ የገመዱንም ጫፍ እንዲሁ። ብሎኑን አጥብቆ፣ እንዳይዝግ ግሪስ ቀባበት፤ አለቀ። ይህ ሁሉ ወር ለዚህ ነበር። ስንመለስ እያካፋ ነበርና መብራቱን አበራ። ሆን ብዬ «በኮረኮንቹ በኩል ሂድ» አልኩት። ማኪናዋ ስትዘል እኛም ዘለልን፤ መብራቱ ግን እንደ መሪጌታ መቋሚያ ቀጥ ብሎ ሄደ። ልጅ ሆኜም እንዲህ አጨብጭቤ አላውቅ።

ጾሙ የተፈታ ዕለት አያ የሻው ነጭ ለብሶ መጣ። ሳይቀመጥ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አኖረና «ዛሬ ነው የተባለው አሉ፤ ሰውአገኝ በሱቁ ሲያወራ ከሰነበተ ሰምቻለሁ። ወንድምአገኝን፣ ያስያዝከኝን ሳላጎድል መልሻለሁ ይልሃል በይልኝ» አለ። ለካ ቀኑን ያውቅ ኖሯል! አዘዞ ላይ ጥፋቴን በራሱ ላይ ሲወስድ ቁልፉን እንደሚያስረክብ እያወቀ ነው። ክሩን አጥቤ አድርቄው ነበር፤ የተባረከ ነገር አይጣልም። ቁልፉን አነሳሁና በክሩ ሦስት ጊዜ ጠምጥሜ አስሬ መልሼ እጁ ላይ አኖርኩለት። ይቅር በለኝ አልኩት። ቁልፉን ገልበጥ አድርጎ አየና ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «አሁንስ በደንብ አጥብቀሽዋል?»

እንግዲህ ትእዛዝህን አፍርሻለሁ፤ ተቆጣኝ። ግን መጀመሪያ ለእሱ ደውልለት። ስለ መብራቱ ሳይሆን እንዲያው እንዴት ነህ በለው፤ ድምፅህ ይበቃዋል። ሰውአገኝን ደግሞ አትውቀሰው፤ የሰማሁለት እኔ ነኝ። ቢሆንም ያን ባትሪ ለምን ቸኩሎ እንደገደለው ገና እያሰብኩበት ነው።

አበቡን ሁለቱንም ጉንጭ ሳምልኝ፤ የላከችው ሻሽ ልክ ሆኖልኛል። ወልደኢየሱስን ሲያድግ ማኪና ከመንካቱ በፊት ፊዚክስ ይማር በልልኝ፤ ከእኔ ሻል አድርጎ። መሪጌታ ተክለ ጊዮርጊስ በጸሎቱ እንደሚያስብህ ንገሪው ብሏል። ፍቅርተማርያም ስማልሃለች፤ የጥፍር ቀለሟን የሚተካላት እንዳትረሳ አደራ ብላለች። እማሆይ ከዳባት ይመርቁሃል፤ ክሩ የት እንደነበረ ግን አልነገርኳቸውም፣ አንተም እንዳትነግርብኝ። አማረችም ሰላም ብላሃለች።

ከደብዳቤው ጋር አንዲት የደብተር ገጽ ታገኛለህ። በነጭ ጋቢ ምልክት ይሰጣል፣ ለማን ብዬ የጠየቅኩባት ናት። ሌላውን ገጽ አቃጥዬዋለሁ፤ ይህችን ግን አንተ ጋ ትቀመጥ። ከጥያቄው ሥር መልሱን ጽፌበታለሁ፤ «ለእኛ።»

እህትህ ሰርካለም
ፀዳ፣ ጎንደር
ነሐሴ 19 ቀን 2014 ዓ.ም.